ከሪሚክሱ በፊት የነበረው ጥላሁን

ብዙዎቻችሁ ጥላሁን ገሠሠን የምታውቁት በ15 ሰከንድ ነው። ቲክቶክ ላይ ድምፁ ፈጠን ተደርጎ፣ ከሥሩ የክለብ ምት ተጭኖበት፣ አንዷ ቡና ስታፈላ ወይ አንዱ አዲስ ጫማውን ሲያሳይ ከኋላ ይሰማል። አንዳንዴ ደግሞ ያዘገዩትና ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከበላያችን ያለው ጎረቤቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ይከፍታል፤ አባትየው ደግሞ ዘፈኑን ገደላችሁት እያሉ ይቆጣሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው።

ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ፣ እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ይባላሉ። በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወሰዱትና ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። አያቱ የሚፈልጉት ተምሮ ሰው እንዲሆን ነበር። በዚያ ዘመን ዘፋኝ ማለት አዝማሪ ነው፤ ለአዝማሪ ደግሞ ልጁን የሚድር ቤተሰብ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ሱዳናዊ ርዕሰ መምህር ግን ልጁን አበረታቱት። በኋላ የሀገር ፍቅር ቲያትር ሰዎች ወሊሶ ድረስ መጥተው ዝግጅት ሲያሳዩ ከመካከላቸው ኢዮኤል ዮሐንስ ነበር። ጥላሁን ጠጋ ብሎ የልቡን ነገረው፤ ኢዮኤልም አዲስ አበባ እንዲመጣ መከረው።

ከዚህ በኋላ ያለው ፊልም ነው። ልጁ ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት አድሮ ሳለ ተይዞ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። አያቱ ቤት የቆየው ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ እንደገና ጠፋ፤ በዚያው ቀረ።

ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የሪሚክሱ ነገር የሚጀምረው እዚህ ነውና። ክቡር ዘበኛ የንጉሡ ጠባቂ ጦር ነው። ሙዚቀኞቹ ወታደሮች ናቸው፤ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን ይዘው ኖታ እያነበቡ ይጫወታሉ። ሣህሌ ደጋጎን የመሰሉ ባለሙያዎች ዜማ እየደረሱ፣ እያቀናበሩ ለዘፋኙ ያቀርቡለታል። በመሰንቆና በክራር የኖረ ዜማ በአንድ መድረክ በነሐስ መሣሪያ ታጅቦ ሲወጣ፣ ለዚያ ዘመን ሽማግሌ ምን ነበር? ሪሚክስ ነዋ! ቃሉ አልነበረም እንጂ ሥራው ያው ነው።

ኩሉን ማን ኳለሽን እንውሰድ። የሰርግ ዘፈን ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሙሽራ ሲያጅብ የኖረ። ጥላሁን ከክቡር ዘበኛ ጋር በባንድ ዘፈነው። ቀጥሎ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ በተባለው አልበሙ ላይ ቃሉን ሁሉ አውጥቶ በመሣሪያ ብቻ ሠራው። ሙሽራ የለችም፣ ሚዜ የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ ግን ማንም ሐበሻ ሲሰማው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። የሙላቱ የራሱ ሥራ፣ የግሌ ትዝታ፣ በተራው እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሊ በጋራ በሠሩት አልበም መክፈቻ ላይ ሳምፕል ተደርጎ ዓለምን ዞረ። እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ የትኛው ነው ያበላሸው? እኔ እንጃ፤ ለእኔ አንዱም አላበላሸም።

መርካቶ ሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም አይቶ የወጣ ሰው ዜማውን እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ የሚሄድበት፣ ያው ዜማ የአማርኛ ቃል ለብሶ ብቅ የሚልበትም ጊዜ ነበር። ከሱዳንም እንደዚያው። ህንዶቹ ራሳቸው ዛሬ የጥንት የፊልም ዘፈኖቻቸው በአዲስ ምት ሲሠሩ ይጣላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈችው ታላቋ ዘፋኝ ላታ ማንጌሽካር በሕይወት ሳለች ያሳዘናት የዘፈኑ እንደገና መሠራት አልነበረም፤ መልኩ መበላሸቱና የደራሲዎቹ ስም መጥፋቱ እንጂ።

ወደ ጥላሁን ልመለስ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች በንጉሡ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። ዘፋኙም ታሰረ። ከእስር ወጥቶ መድረክ ላይ ሲመለስ ሕዝቡ የፍቅር ዘፈኑን በሁለት ጆሮ ነበር የሚሰማው። ይሄ ስለ ሴት ነው ወይስ ስለ መንግሥት? ሰምና ወርቅ ያደገበት ጆሮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ለዚህም ይመስለኛል ጥላሁን ቃል የማይውጠው። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ይወጣል። ኦርኬስትራው ምንም ያህል ቢጮህ ግጥሙ አይሸፈንም። የ15 ሰከንዱ ሥራ የሚጎዳው ይህንን ነው። ስንኙ ግማሽ ላይ ሲቆረጥ ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይጠፋል። ምቱ አይደለም ጥፋተኛው፤ መቀሱ ነው።

የካሴት ዘመን ሲመጣ ጥላሁን ራሱ የድሮ ዘፈኖቹን በአዲስ ባንድ፣ በኪቦርድ እያሳጀበ ደግሞ ዘፍኗቸዋል። ያኔም የድሮው ይሻላል የሚል አልጠፋም። የእኛ ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራበት በፊት፣ ካሴት ሻጩ የጥላሁን አዲስ ሥራ ሲወጣ ስፒከሩን ደጅ ያወጣው ነበር። አሁን ሰፈሩ የለም፤ ስሙ ግን ያው ልደታ ነው፤ ግንቦት 1 ቀን ንፍሮው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ይቀቀላል። ፋና ላምሮት ላይ የድሮ ዘፈን የሚዘፍኑትን ልጆችም በዚሁ ዓይን ነው የማያቸው። ግጥሙን ከነሙሉ ቃሉ አጥንተው በባንድ ይዘፍኑታል፤ ቢሳሳቱም እንኳ ዘፈኑን ያውቁታል።

ልደታ ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት ፍርድ ቤቱ ነው፤ እና ነገሩ የሕግም ጣጣ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠበቃል ይላል። ደራሲ ሲባል ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው ነው። ጥላሁን የሚል ስም ብቻ ጽፎ ቪዲዮ የለቀቀ ልጅ የረሳው እነዚህን ሰዎች ነው። የድሮዎቹ ባለሙያዎች በወታደር ደመወዝ ነበር የሚሠሩት። ዛሬ ቤተሰቦቻቸው አባታቸው የሠራውን ዘፈን እንደ ማንኛችንም ስልክ ላይ ይሰሙታል፤ የአባታቸው ስም ግን የለበትም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ለጥላሁን ከባድ ነበሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንገቱ ላይ በስለት ተጎድቶ ለጥቂት ተረፈ። ሰው ሁሉ የፈራው ለድምፁ ነበር፤ ድምፁ ግን ተመለሰ። ቀጥሎ የስኳር በሽታ እግሩን አሳጣው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖም መድረክ ላይ ወጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ የፋሲካ እሑድ። በመስቀል የተወለደ ሰው በፋሲካ ሞተ። በመንግሥት የክብር ሥነ ሥርዓት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ፤ አዲስ አበባ ግልብጥ ብላ ነበር የወጣችው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሞተን ሰው ድምፅ አስመስሎ ያልዘፈነውን ማዘፈን። በዚህ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ነኝ። ለቀረው፣ ለልጁ እፈርዳለሁ፤ ምት ይጨምር፣ ያፍጥነው፣ ያዝግመው፤ ሙሉውን ዘፈን አንዴ ይስማና የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን ስም ይጻፍ። አንድ ብቻ አስቀርልኝ ብዬዋለሁ፤ ዋይ ዋይ ሲሉን። ጥላሁን ስለ ረሃብ የዘፈነው፣ ሲዘፍነው እንባውን መቆጣጠር የማይችለው ዘፈን ነው። ልጁ አያውቀውም ነበር። ደረጃው ላይ ቆመን ስልኩ ላይ ከፈትኩለት፤ እስከ መጨረሻው ሰማው።