ሠዓሊው መሐንዲስ ኤድዋርድ ዛንደር

ወደ እንጦጦ ራጉኤል ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን የሚጎበኝ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በሥዕሉ ላይ ነው። እኛም ተማሪዎች የሥዕል ደብተራችንን ይዘን በወጣን ጊዜ የሆንነው እንዲሁ ነው። ጥቂት ከቆየን በኋላ ግን ከመካከላችን አንዱ፥ ሥዕሉን የተሸከመውን ግድግዳ፥ ግድግዳውንም የተጫነውን ጣራ አስቀድሞ ያሰበው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሥዕል የሚወድ ልጅ ሁሉ፥ ሥዕል እንጀራ አይሆንም ሲባል በቤቱ ሰምቷልና ጥያቄው ለእኛ ተራ ጥያቄ አልነበረም። መልሱን ስንፈልግ ከእንጦጦ ርቀን፥ ከዐፄ ምኒልክም ዘመን ወደ ኋላ ተመልሰን፥ በስሜን ተራራ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ አንድ ሠዓሊ አገኘን።

ኤድዋርድ ዛንደር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1813 በጀርመን አገር አንሃልት በሚባለው ግዛት ተወለደ። ሙያው ሥዕል ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዚያን ጊዜ ሺምፐር የሚባል የአገሩ ሰው፥ የዕፀዋት ተመራማሪ፥ በትግራይ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሮ ነበርና ዛንደር ወደ እርሱ ተጠጋ። ሲመጣ የታወቀው በእርሳስና በብሩሽ እንጂ በመሐንዲስነት አልነበረም።

ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። እኒህ መስፍን በስሜን ውስጥ ደራስጌ በተባለው ስፍራ ለእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ፥ በሥራው ላይ ሺምፐርና ዛንደር ተሰማሩ። በቅጥሩ ውስጥ ያለው የደወል ቤትም የዛንደር ሥራ ሆኖ ይቆጠራል።

ሠዓሊ እንዴት ሕንፃ ያሠራል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ብዙ የሚያስደንቅ ሆኖ አላገኘነውም። በትንሽ ወረቀት የነደፈውን መልክ ወደ ሰፊ ግድግዳ የሚያሻግር ሠዓሊ፥ ወረቀቱን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ፥ አንዱ ጣት በግድግዳው ላይ ስንት ክንድ እንደሚሆን አስልቶ ነው። ሕንፃም እንዲሁ ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ከመካከል ችካል ተተክሎ በገመድ ክቡ ይዞራል፤ በክቡ ውስጥ ቅኔ ማኅሌቱ፥ ቅድስቱና መቅደሱ እያንዳንዳቸው ልካቸውን ይዘው ይገኛሉ። መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ በክብ መካከል ሲቆም፥ የጣራው እንጨት በየት ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ በዓይነ ሕሊና ያላየ ሰው ሥራውን ሊመራ አይችልም። ሠዓሊ የለመደውም ያልተሠራውን ማየት ነው። የድንጋዩን ክብደትና የእንጨቱን ጥንካሬ ግን ብሩሽ አያስተምርምና፥ ያንን በሥራው ላይ ከአገሩ ግንበኛና አናጢ ጋር ሲውል የተማረው ይመስለናል።

ደጃዝማች ውቤ በደራስጌ ማርያም ዘውድ ለመጫን አስበው ነበር ይባላል። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ እዚያው ደራስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። (ይህ 1847 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዛንደር ከመጣበት ከአውሮፓው 1847 ጋር እንዳይምታታ አንባቢን እናሳስባለን።) ከጥቂት ቀን በኋላም አቡነ ሰላማ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዛንደር ለአንዱ ጌታ የደከመበት ቤት ለሌላው የንግሥ ስፍራ ሆነ ማለት ነው።

አሸናፊው ንጉሥ ግን ባለሙያ አይጥሉም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ ሰባኪ ሳይሆን እጀ ብልህ የሚፈልጉ ንጉሥ ነበሩና ዛንደርን ወደ አገልግሎታቸው አስገቡት። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት የተሰበሰቡት የውጭ አገር ሠራተኞች መድፍ አቀለጡ፤ መንገድም ሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1867 የተሠራው በዚያ ነው። መድፍ ካቀለጡት አንዱ ሞሪትስ ሆል፥ ኢትዮጵያዊት እናት ያላትን የዛንደርን ልጅ ካታሪናን አግብቶ ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩ እንደ ጅማሬው ደስ አያሰኝም። ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ፥ እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ተፈላጊ ስለ ሆኑ እንደ ፈቀዱ ወደ አገራቸው ሊሄዱ አልቻሉም። ያስከበራቸው እጅ መልሶ ያዛቸው። የደወል ቤት ያቆመው ሠዓሊም በስተርጅናው በመቅደላ ከተያዙት አውሮፓውያን መካከል ነበረ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠውተው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ዛንደር ነጻ ወጣ፤ ነገር ግን በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ሞተ። በአገራችን የኖረው ሃያ አንድ ዓመት ያህል ነው።

በዚያው ዓመት የልጁ የካታሪና ልጅ ማግዳሌና ሆል ተወለደች። በሲኒማ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የሞተው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የዚህች የማግዳሌና የልጅ ልጅ ነው። ዛንደር በኢትዮጵያ ሳለ የነደፋቸው ሥዕሎች ደግሞ ከፊሎቹ በትውልድ አገሩ በጀርመን ተጠብቀው ቆይተዋል።