የመታዘዝ ፍሬ፤ የአባ ዮሐንስ ሐጺር ሕይወት

በአስቄጥስ በረሃ ከኖሩት አበው መካከል መታዘዝን ከቃል ይልቅ በሥራ ያስተማረ አባ ዮሐንስ ሐጺር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ339 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ ተወለደ፤ በቁመቱ አጭር ስለ ነበረም ሐጺር ተባለ። በ18 ዓመቱ ዓለምን ንቆ፥ ዛሬ ዋዲ ኤል ናጥሩን ወደሚባለው ወደ ገዳመ አስቄጥስ ገባ።

ወጣቱ በመጀመሪያ የተመኘው ግን መታዘዝን አልነበረም። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሲኖር፥ እንደ መላእክት ያለ ሥራና ያለ ዐሳብ እግዚአብሔርን ብቻ እያመሰገነ ሊኖር እንደሚሻ ነግሮት፥ መጐናጸፊያውን ጥሎ ወደ በረሃ ሄደ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሶ በሩን ቢያንኳኳ፥ ወንድሙ ማንነቱን ጠየቀው። ዮሐንስ መሆኑን ሲነግረውም፥ ዮሐንስስ መልአክ ሆኗልና ከእንግዲህ በሰው መካከል እንደማይገኝ መለሰለት፤ እስኪነጋም በውጭ ተወው። በማለዳ ከፍቶለት፥ ሰው የሆነ ሁሉ ይበላ ዘንድ መሥራት እንደሚገባው አስረዳው። ዮሐንስም በፊቱ ወድቆ ይቅርታ ለመነ።

መታዘዝን የተማረው በአረጋዊው በአባ ባይሞይ እግር ሥር ነው። መምህሩ ደረቅ እንጨት በምድር ተክሎ፥ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ በየቀኑ ውሃ እንዲያጠጣው አዘዘው። ውሃው ከመራቁ የተነሣ ዮሐንስ ማታ ወጥቶ የሚመለሰው በማግሥቱ ጧት ነበር። ደረቅ እንጨት እንዴት ሊለመልም እንደሚችል ግን አልጠየቀም። ሦስት ዓመት ሲሞላ እንጨቱ ለምልሞ አፈራ፤ መምህሩም ፍሬውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ፥ የመታዘዝን ፍሬ እንዲቀምሱ ለወንድሞች አደለ።

ይህ ተአምር በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከዚህ የሚበልጠው ፈተና ግን ተአምር ያልታየበት ነው። ስንክሳር እንደሚተርከው፥ አባ ባይሞይ በታመመ ጊዜ ዮሐንስ 12 ዓመት አስታመመው። አረጋዊው ይፈትነው ነበርና፥ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ የምስጋና ቃል አልሰማም። የዕረፍቱ ጊዜ ሲደርስ ግን አበውን ጠርቶ የዮሐንስን እጅ ያዘ፤ ይህ መልአክ እንጂ ሰው አይደለምና እንዲጠብቁት አደራ ሰጣቸው። መልአክ ለመሆን ከሥራ የሸሸው ወጣት፥ ይህን ስም ያገኘው በበሽተኛ ራስጌ ነው።

ከእጅ ሥራም አልተለየም፤ ቅርጫት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ግመል ነጂ ዕቃውን ሊጭን መጣ። ዮሐንስም ሊያመጣለት ወደ ውስጥ ቢገባ፥ ልቡ በእግዚአብሔር ስለ ተያዘ ሰውየውን ረሳው፤ ሁለተኛ ቢጠራውም እንደ ገና ረሳው። በሦስተኛው ጊዜ ግን ቅርጫትንና ግመልን በአፉ እየደጋገመ ገብቶ ዕቃውን አስረከበ። ጸሎቱ በደጅ የቆመውን ሰው ለመተው ምክንያት አልሆነውም።

በ407 ዓ.ም. በርበሮች አስቄጥስን በወረሩ ጊዜ፥ ሞትን ፈርቶ ሳይሆን፥ ከእነርሱ አንዱ በደሙ እንዳይጠየቅ ብሎ በቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ቍልዝም ሄደ፤ በዚያም ዐረፈ። በዓሉ ጥቅምት 20 ቀን ይከበራል።

በስሙ የተጠራው ገዳም ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን አልፈረሰም። በደወል የሚነሣ ተማሪ፥ ማድጋ የሚሸከም ረድእ፥ ወላጁን የሚያስታምም ምእመን፥ ፍሬው ዛሬ ባይታየው እንኳ ውሃ ማጠጣቱን እንዳይተው የዚህ አባት ሕይወት ያስተምረዋል።