የእቴጌዎቹ አባት፦ ፉጂዋራ ኖ ሚቺናጋ

በጥንቷ ሄይያን፣ በዛሬዋ ኪዮቶ፣ ዘውድ የሚደፋው ንጉሠ ነገሥቱ ቢሆንም አገር የሚመራው ብዙ ጊዜ የእናቱ ወገን ነበር። የመኳንንት ልጅ የሚያድገው በእናቱ ወገን ቤት ስለነበር፣ ሴት ልጁን ለቤተ መንግሥት የዳረ መስፍን ነገ የሚነግሠውን ሕፃን ዛሬ በእቅፉ ያሳድጋል። ይህን ሥርዓት ከጫፍ ያደረሰው ፉጂዋራ ኖ ሚቺናጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ966 ሲወለድ ታላላቅ ወንድሞች ስለነበሩት ለሥልጣን ቅርብ አልነበረም። በ995 ግን ሁለቱ ወንድሞቹ በተከታታይ ሞቱ፤ የንጉሠ ነገሥት ኢቺጆ እናት የሆነችው እኅቱም ከወንድማቸው ልጅ ከኮሬቺካ ይልቅ እርሱን ደገፈች። በ999 ልጁን ሾሺን ለኢቺጆ ዳረ። በሾሺ እልፍኝ ካገለገሉት የተማሩ ወይዛዝርት አንዷ የገንጂ ታሪክ ደራሲ ሙራሳኪ ሺኪቡ ነበረች። ይህ ለሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብቻ የተደረገ አይመስለኝም፤ ንጉሡን ወደ ልጁ እልፍኝ የሚስብ ነገር ሁሉ ለአባትየው ይጠቅም ነበር።

በ1016 የልጅ ልጁ በሰባት ዓመቱ ሲነግሥ ሚቺናጋ እንደራሴ ሆነ። በ1018 ሦስት ሴት ልጆቹ በአንድ ጊዜ፣ በየደረጃቸው፣ የእቴጌነት ማዕረግ ያዙ። ሦስተኛዋ የተዳረችው ለገዛ እኅቷ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1019 ሕመም ቢጸናበት መነኰሰ። ሆጆጂ የተባለ ታላቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አሠርቶ በ1028 መጀመሪያ እዚያው ዐረፈ። ያ ሁሉ የእንጨት ሕንፃ በ1058 በእሳት ወደመ። በቀን መቁጠሪያ ጥቅል ባዶ መስመሮች ላይ፣ ለሰዋስው ብዙም ሳይጨነቅ፣ በእጁ ከጻፈው የዕለት ማስታወሻ ግን 14 ጥቅሎች ዛሬም በኪዮቶ ይገኛሉ፤ ዩኔስኮም በ2013 በዓለም የሰነድ ቅርስነት መዝግቧቸዋል።