ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበር። በዘመነ መሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሥተው ተቀናቃኞቻቸውን በየጦር ሜዳው ካሸነፉ በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ነገሡ። የባሪያ ንግድን ከለከሉ፤ በጋፋትም መድፍ አሠሩ። ይሁን እንጂ ዐመፁ እየበዛ ሲሄድ ቅጣታቸውም እየከፋ ሄደ።

በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ባለማግኘቱ ተቈጥተው የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎች አውሮጳውያንን አሰሩ። እነዚህን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ተነሣ። ጦሩ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ ከራያና ቆቦ ቆላ በስተ ምዕራብ ያለውን ደጋ አቋርጦ ወደ መቅደላ ገሠገሠ።

ሚያዝያ 2 ቀን ንጉሡ በቊጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገደሉ። በማግሥቱ፣ በዕለተ ስቅለት፣ ሠራዊታቸው በአሮጌ ሜዳ ድል ሆነ፤ ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ። ከዚያም አውሮጳውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ እጃቸውን እንዲሰጡ ሲጠየቁ ግን እንቢ አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ተከታዮቻቸው ነፍሳቸውን እንዲያድኑ አሰናበቱ፤ ጠላት አምባውን ሲገባም ከመማረክ ይልቅ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ይህ ድርጊት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቤተ ክርስቲያን ነፍስ የፈጣሪ ናትና ሰው ራሱን ሊገድል አይገባውም ብላ ታስተምራለች። ሆኖም አስከሬናቸው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲገድል የሚገፋፋውን ወይም የሚረዳውን ነው። እንግዲህ ሕግ ያልቀጣው ሁሉ ተገቢ ነው ማለት አይቻልም፤ ሕግ የድርጊቱን ፈጻሚ ሲፈልግ፣ ሕሊና ግን ምክንያቱንና ውጤቱን ይመረምራል።

ብዙዎች ንጉሡን በክብር እንደ ሞተ ጀግና ያወድሷቸዋል። ዳሩ ግን ለራሳቸው የመረጡትን የመሞቻ ሰዓት፣ ከአራት ቀን በፊት ከገደል አፋፍ የቆሙት እስረኞች አልመረጡትም። ከሞታቸው በኋላም ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ። ንጉሡ ውሳኔው የራሳቸው ብቻ እንደ ሆነ ቢያስቡም፣ ዋጋውን ግን ሌሎችም ከፈሉ። ስለዚህ የሰው ሕይወት የባለቤቱ ብቻ ናት ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው፣ ከሟቹ ጀግንነት ጋር የልጁንም ብቸኝነት በሚዛኑ ላይ ሊያስቀምጥ ይገባዋል።