መርዝን መድኃኒት ያደረገው ሊቅ፤ የፓውል ኤርሊክ አጭር የሕይወት ታሪክ

ሰው ሲታመም ሁለት ረዳቶች አሉት። አንደኛው ከውጭ የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው በገዛ ሰውነቱ ውስጥ የሚኖረው መከላከያ ኃይል ነው። ሁለቱንም በአንድ ዕድሜ ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል ስሙ በቀዳሚነት የሚነሣው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤርሊክ በማርች 14 ቀን 1854 በሲሌዚያ አገር ሽትሬለን በምትባል ከተማ ከአይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። ከተማይቱ ያን ጊዜ የፕሩሲያ ግዛት ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ዘመዱ ካርል ቫይገርት የሰውነትን ሕዋሳት በቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበርና፥ ወጣቱም ይህን ጥበብ ከእርሱ ወደደ። አንዱ ቀለም አንዱን ሕዋስ ይዞ ሌላውን እንደሚተው ባየ ጊዜ፥ ዕድሜውን ሙሉ ያልተለየው አሳብ ተፀነሰ። ቀለም ወዳጁን መርጦ የሚይዝ ከሆነ፥ የበሽታውን ተሐዋሲ ብቻ መርጦ የሚገድል የሰውን ሰውነት ግን የማይነካ መርዝ ስለ ምን አይገኝም? ይህ ነበር ጥያቄው።

በ1878 በላይፕሲሽ ከተማ ስለ ቀለሞች ጽፎ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ቀጥሎም በበርሊን ሐኪም ቤት ሲሠራ፥ ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋሲ ማግኘቱን ባስታወቀ ጊዜ፥ ተሐዋሲው በደንብ የሚታይበትን የተሻለ የማቅለሚያ ዘዴ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ይኸው በሽታ ራሱን ኤርሊክን ያዘው። ወደ ግብፅ ሄዶ አየር ለወጠና ድኖ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የሰውነትን መከላከያ መመርመር ጀመረ። ሕፃናትን በሚያንቀው በዲፍቴሪያ ላይ የሚሰጠው ሴረም ኃይሉ አንድ ጊዜ ሲበዛ አንድ ጊዜ ሲያንስ ሐኪሞች ይቸገሩ ነበር። ኤርሊክ የሚለካበትን ሥርዓት አበጀለት። ስለዚህና ስለ ሌላው የመከላከያ ምርምሩ በ1908 ከሩሲያዊው ከኤልያ ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

በፍራንክፈርት የነበረው የሥራ ክፍሉ ወንበሩ ሳይቀር በመጻሕፍት የተሞላ ነበር። ለረዳቶቹም የየዕለቱን ሥራ በባለቀለም ወረቀት እየጻፈ ያድላቸው ነበር። በዚያ ከአርሴኒክ መድኃኒት ለማውጣት ደከመ። አርሴኒክ ፍጹም ብረት ባይሆንም በባሕርዩ ወደ ብረት የሚጠጋ፥ የታወቀ መርዝ ነው። ቁጥሩ 606 የሆነው ውሕድ አስቀድሞ ተፈትኖ አይጠቅምም ተብሎ ተጥሎ ነበር። በ1909 ግን ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ እንደገና በጥንቸሎች ላይ ሲሞክረው ቂጥኝን ፈወሰ። በ1910 ሳልቫርሳን ተብሎ ለሕዝብ ወጣ። የተጎዱ በሽተኞችም ስለ ነበሩ ኤርሊክ ብዙ ተወቀሰ፤ እርሱ ግን መድኃኒቱን ከማሻሻል አላረፈም።

በዚያው በ1909 ስለ ነቀርሳ አንድ ታላቅ አሳብ ጻፈ። በሰውነታችን ውስጥ የተበላሹ ሕዋሳት ዘወትር ይነሣሉ፤ መከላከያችን ግን ያጠፋቸዋል፤ ይህ ባይሆን ነቀርሳ እጅግ በበዛ ነበር የሚል ነው። በአይጦች ላይ ብዙ ቢሞክርም የነቀርሳን መድኃኒት ሳያገኝ በኦገስት 20 ቀን 1915 ባድ ሆምቡርግ በተባለች ከተማ ዐረፈ።

ሁለቱ አሳቦቹ የተገናኙት ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1965 በአሜሪካ የሚሺጋን ሊቅ ባርኔት ሮዘንበርግ፥ ከፕላቲኒየም የሚወጣ ውሕድ ባክቴሪያ እንዳይከፋፈል ሲያደርግ እንዳየ አስታወቀ። ከዚህም ሲስፕላቲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት ተገኘ፤ በ1978ም በአሜሪካ ተፈቀደ። ፕላቲኒየሙ በሕዋሱ ውስጥ የዘር መልእክት የሚጠበቅበትን ዲኤንኤ ይይዝና መከፋፈሉን ያግዳል። ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚወለዱበትን መቅኔም ይጎዳልና፥ ጠላትን ሲመታ ዘበኛውንም ያቆስላል።

ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ይህን ጉዳት ብቻ ተመለከቱ። በኋላ ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው የፕላቲኒየም መድኃኒት የነቀርሳውን ሕዋስ ሲገድለው፥ ሟቹ ሕዋስ በላዩ ላይ ምልክት ያወጣል። የመከላከያ ሕዋሳት ምልክቱን አይተው ይውጡታል፤ ባልንጀሮቻቸውንም የጠላትን መልክ ያስተምራሉ። በኦክሳሊፕላቲን የሞቱ የነቀርሳ ሕዋሳት የተወጉ አይጦች ኋላ ሕያው ነቀርሳ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ተቋቋሙት፤ በሲስፕላቲን የሞቱት ሕዋሳት ግን እንዲህ አላደረጉም። ስለዚህ ብረት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አገዳደሉም ይለያል። ዛሬ ለአንዳንድ የሳንባ ነቀርሳ የፕላቲኒየም መድኃኒት መከላከያን ከሚያነቃቃ መድኃኒት ጋር አብሮ ይሰጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ቁጥር 606 ተጥሎ ከነበረበት የተነሣው እንደገና የሞከረ ሰው ስለ ተገኘ ነው፤ ስለዚህ በላቦራቶሪያችን አንድ ጊዜ ያልተሳካውን አንናቅ። ኤርሊክም ስለ ነቀርሳ የጻፈውን በዘመኑ በነበረው መሣሪያ ሊያስረዳ አልቻለም፤ ቢሆንም ጽፎ ተወው፥ የኋለኞቹም አነሡት። የእኛም ትጋት ፍሬው የሚታየው ምናልባት ከእኛ በኋላ በሚመጡት እጅ ይሆናል፤ ይህ ግን ከሥራ ሊያግደን አይገባም።