ሚልድሬድ በርክ፡- የሴቶችን የፕሮፌሽናል ትግል ያስከበረች ሻምፒዮን

ትግል በኢትዮጵያ ከሚዘወተሩ ባህላዊ ስፖርቶች አንዱ ሲሆን፣ በጎንደርና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎችም እረኞችና ጎረምሶች በመስክ ላይ ጉልበታቸውን ሲፈታተሹበት የኖረ ጨዋታ ነው። እንደ ብዙው የዓለም ክፍል ሁሉ መድረኩ ለረጅም ዘመን ለወንዶች የተተወ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህን ልማድ በመስበር ትግል ለሴቶችም መተዳደሪያ ሙያ እንዲሆን ፈር ከቀደዱት መካከል አሜሪካዊቷ ሚልድሬድ በርክ በቀዳሚነት ትጠቀሳለች።

ሚልድሬድ ብሊስ በሚል ስም የተወለደችው እ.ኤ.አ ነሐሴ 5 ቀን 1915 በካንሳስ ግዛት፣ በኮፊቪል ከተማ ነው። ወጣትነቷ አሜሪካ በከፋ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ከነበረችበት ወቅት ጋር የተገጣጠመ በመሆኑ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት እየሠራች ኑሮዋን ለመግፋት ተገደደች። ሃያ ዓመት ሳይሞላትም የአንድ ወንድ ልጅ እናት ሆነች።

በካንሳስ ሲቲ የትግል ግጥሚያ ከተመለከተች በኋላ ግን ሕይወቷን በዚሁ ሙያ ለመምራት ቆርጣ ተነሣች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ57 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ይህች ወጣት፣ የቀድሞ ተፋላሚና አሰልጣኝ የነበረው ቢሊ ቮልፍ እንዲያሠለጥናት ጠየቀችው። ቮልፍ ሐሳቧን ለማስቀየር ሲል አንድ ወንድ ሠልጣኝ አንሥቶ መሬት ላይ እንዲጥላት ማዘዙ፣ ነገር ግን እርሷ ሠልጣኙን አንሥታ መጣሏ ስለ እርሷ በተጻፉ ታሪኮች ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ቮልፍ አሠለጠናት፤ እ.ኤ.አ በ1936ም ተጋቡ።

የሚጋጠሟት ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ ሥራዋን የጀመረችው ከከተማ ወደ ከተማ በሚዘዋወሩ የትርኢት ድንኳኖች ከወንዶች ጋር በመፋለም ነው። በክብደት ከእርሷ ብዙም የማይርቅና በ10 ደቂቃ ውስጥ ትከሻዋን መሬት ለሚያስነካ ወንድ 25 ዶላር ሽልማት ይሰጥ ነበር። በዚህ መልኩ ከ200 በላይ ወንዶችን ገጥማ የተሸነፈችው በአንዱ ብቻ እንደሆነ ይነገርላታል።

እ.ኤ.አ በ1937 ክላራ ሞርተንሰንን በማሸነፍ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮንነትን ማዕረግ ጨበጠች። በተከታዮቹ ዓመታት በጡንቻዋ ጥንካሬ፣ በነጭ ካባዋና በአልማዝ ጌጦቿ የምትታወቅ፣ አዳራሾችን በተመልካች የምትሞላ ዝነኛ ሆነች። በአንጻሩ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች የሴቶችን ትግል በሕግ ከልክለው ነበር። በኒው ዮርክ ግዛት ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ በ1972 ነው።

ይሁን እንጂ ማዕረጉ በእርሷ ጉልበት ቢገኝም፣ ግጥሚያውን የሚያዘጋጀውም ሆነ ገንዘቡን የሚቆጣጠረው ባለቤቷ ነበር። ቮልፍ በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ተቀምጦ በርካታ ሴት ተፋላሚዎችን በሥሩ በማሰባሰብ ከገቢያቸው ከፍተኛ ድርሻ ይወስድ ነበር። በትዳራቸው ውስጥ የተፈጠረው ቅራኔ እየተባባሰ ሄዶ እ.ኤ.አ በ1952 ተፋቱ። ሚልድሬድ የቮልፍን የንግድ ድርሻ ገዝታ ሥራውን በራሷ ለመምራት ብትሞክርም፣ እርሱ ወደ ግጥሚያ አዘጋጅነቱ በመመለስ ተቀናቃኟ ሆነ። አባላቱ ወንድ የግጥሚያ አዘጋጆች በነበሩበት ብሔራዊ የትግል ኅብረት ውስጥ ድጋፍ ማግኘት ስላልቻለች ድርጅቷ ለኪሳራ ተዳረገ።

ፍጥጫው እ.ኤ.አ ነሐሴ 20 ቀን 1954 በአትላንታ ከተማ መድረክ ላይ ወጣ። ተጋጣሚዋ የቮልፍን ልጅ ያገባችው ጁን ባየርስ ነበረች። በፕሮፌሽናል ትግል የግጥሚያው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በስምምነት የሚወሰን ሲሆን፣ በዚያ ዕለት ግን ሁለቱ ሴቶች ያለ ስምምነት ከልብ ተፋለሙ። ግጥሚያው ከሦስት ዙር ሁለቱን ላሸነፈ የሚሰጥ ነበር። ባየርስ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈች፤ ሁለተኛው ዙር ግን አሸናፊው ሳይለይ ከረጅም ጊዜ ፍልሚያ በኋላ በባለሥልጣናት ትዕዛዝ ተቋረጠ። ያም ሆኖ ባየርስ ሻምፒዮን ተብላ ተነገረላት። ሚልድሬድ በበኩሏ ውጤቱ በደንቡ መሠረት ስላልተሟላ ማዕረጓን አላጣሁም በሚል አቋሟ እስከ ዕለተ ሞቷ ጸናች።

በአገሯ በሮች ቢዘጉባትም ሥራዋ ሌላ ምድር ላይ ፍሬ አፈራ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከሌሎች አሜሪካውያን ሴት ተፋላሚዎች ጋር ወደ ጃፓን ተጉዛ ያሳየችው ግጥሚያ በዚያች አገር ለሴቶች የፕሮፌሽናል ትግል መስፋፋት መነሻ ሆነ። ራሷ ያቋቋመችው የዓለም የሴቶች ትግል ማኅበር የሻምፒዮንነት ማዕረግም እ.ኤ.አ ከ1970 ጀምሮ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ የጃፓን ሴቶች ታላቅ የክብር ቀበቶ ሆኖ አገልግሏል።

ሚልድሬድ ከመድረክ ከተሰናበተች በኋላ በካሊፎርኒያ ማሠልጠኛ ከፍታ ወጣት ሴቶችን ስታስተምር ቆይታለች። እ.ኤ.አ የካቲት 18 ቀን 1989 በ73 ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። ዝናዋ በኖረችበት ዘመን ተድበስብሶ ቢቆይም፣ እ.ኤ.አ በ2009 የሕይወት ታሪኳ በመጽሐፍ ታትሟል፤ በ2016 ደብሊው ደብሊው ኢ የተባለው የአሜሪካ የትግል ድርጅት በክብር መዝገቡ ውስጥ አስፍሯታል፤ በ2025 ደግሞ ሕይወቷን የሚተርክ ፊልም በሲኒማ ቤቶች ቀርቧል።

የሚልድሬድ በርክ ሕይወት አንዲት ሴት በጉልበቷና በሙያዋ ልትደርስበት የምትችለውን ከፍታ ያሳያል። በሌላ በኩል ውሉ፣ ገንዘቡና ውሳኔው በሌሎች እጅ ከቀረ፣ በላብ የተገኘ ማዕረግም ለመነጠቅ የተጋለጠ መሆኑን ያስረዳል።