ከገዥነት ወደ በር ጠባቂነት፦ የስላቲን ፓሻ አስገራሚ ሕይወት

ዓለማችን እንግዳና አስገራሚ ታሪክ አጥታ አታውቅም። አንዳንዱ ሰው በአንድ ስም፣ በአንድ ሥራና በአንድ መንደር ተወስኖ ዕድሜውን ሲፈጽም፣ ሌላው ደግሞ በአንድ ዕድሜ የብዙ ሰዎችን ዕድል ቀምሶ ያልፋል። ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ወገን የሆነው ሩዶልፍ ስላቲን የመጻሕፍት መደብር ሠራተኛ፣ የጦር መኮንን፣ የሰፊ አገር ገዥ፣ በእግር ብረት የታሰረ ምርኮኛ፣ የበር ጠባቂ፣ በኋላም በሦስት መንግሥታት የተሾመና የተሸለመ ባለ ማዕረግ ለመሆን በቅቷል። የሕይወቱም ዋና መድረክ ጎረቤታችን ሱዳን ነበረች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስላቲን በ1857 ዓ.ም. በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና አጠገብ ተወለደ። በንግድ ትምህርት ቤት ሲማር ሳለ በካይሮ የሚገኝ አንድ የመጻሕፍት ነጋዴ ረዳት እንደሚፈልግ ሰማ። ዕድሜው ገና 17 ዓመት ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ባሕሩን ተሻገረና ግብጽ ገባ። ነገር ግን መጻሕፍት ሲሸጡ መዋል ለእንዲህ ያለ ልብ የሚበቃ ሥራ አልሆነለትም። ብዙ ሳይቆይ ወደ ካርቱም ዘለቀና ኮርዶፋንንና የኑባን ተራሮች ተዘዋውሮ ተመለከተ። የወታደርነት ግዴታው ደርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ በአልጋ ወራሹ በሩዶልፍ ስም በሚጠራ የእግረኛ ጦር ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ አግኝቶ በ1878 ዓ.ም. በቦስኒያ ዘመቻ ተሰለፈ።

ከጦር ሜዳ ሳይመለስ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። የላከለት በዚያን ጊዜ በግብጽ መንግሥት ስም ሱዳንን ያስተዳድር የነበረው እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጎርዶን ሲሆን፣ መልእክቱም መጥቶ እንዲያገለግል የሚጋብዝ ነበር። ይህ ጎርዶን በ1879 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተነጋገረው፣ በኢትዮጵያና በግብጽ መካከል የነበረውን ጠብ ሳያበርድ የተመለሰው ሰው ነው። ስላቲን ጥሪውን ተቀብሎ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ካርቱም ደረሰ። በመጀመሪያ የገንዘብ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ቀጥሎም በዳርፉር የዳራ አውራጃ ገዥ ተባለ። በ1881 ዓ.ም. የዳርፉር ሁሉ ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ሲሾም ዕድሜው 24 ዓመት ነበር።

ሹመቱ ግን ከማዕበል ጋር የተገጣጠመ ነበር። በዚያው ዓመት በነጭ ዓባይ መካከል በምትገኘው በአባ ደሴት የጀልባ ሠሪ ልጅ የነበረው መሐመድ አሕመድ፣ ሲጠበቅ የኖረው ማህዲ እኔ ነኝ ሲል ዐወጀ። በግብጽ ሹማምንት ግብርና በደል የተማረረው የሱዳን ሕዝብ ከየአቅጣጫው ተከተለው። እኛ ድርቡሽ የምንላቸው ተዋጊዎች ከተማ በከተማ ላይ እየያዙ ሲሄዱ፣ ስላቲን ከማእከላዊ መንግሥት ተቈርጦ በዳርፉር በረሃ ብቻውን ቀረ። ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም ተዋጋ።

ጦርነቱ በቀጠለ መጠን ወታደሮቹ ተስፋ እየቆረጡ ሄዱ። የሚሸነፉት አዛዣቸው ክርስቲያን በመሆኑ ነው የሚል ወሬ በሰፈሩ ውስጥ ተሠራጨ። ስላቲን ይህን ሲሰማ ወታደሮቹን ሰብስቦ በፊታቸው መስለሙን ገለጠ። ይህን ያደረገው ከእምነት የተነሣ ሳይሆን ጦሩን አንድ አድርጎ ለማቆየት መሆኑን በኋላ ራሱ በጽሑፉ ገልጿል። ድርጊቱ ለጊዜው የወታደሮቹን ልብ ቢያጸናም መከራውን አላስቀረም። በኅዳር ወር 1883 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው በሂክስ ፓሻ የሚመራ አሥር ሺህ ያህል ሰው የነበረበት የግብጽ ጦር ሸይካን በተባለ ስፍራ ሲደመሰስ፣ ርዳታ ይመጣልኛል የሚለው ተስፋው ተቆረጠ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በዳራ እጁን ሰጠ። የተረከበውም ቀድሞ በእርሱ ሥር በሹምነት ያገለገለ የማህዲ ዘመድ ነበር። አዛዥ የነበረው ታዛዥ፣ ታዛዥ የነበረው አዛዥ ሆኑ። አዲስ ስምም ተሰጠውና አብድ አል ቃድር ተባለ።

በ1884 ዓ.ም. ጎርዶን እንደገና ወደ ካርቱም ተላከ። ወዲያውም ከተማይቱ ተከበበች። የዚያን ጊዜዋ ካርቱም በሁለቱ ዓባዮች መገናኛ የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ በደቡብ በኩል የሚጠብቃት ከወንዝ እስከ ወንዝ የተቆፈረ ምሽግ ነበር። ከተማይቱ በኋላ ዘመን ሰፍታ አል-ሳሃፋን የመሳሰሉ ሠፈሮች የተሠሩት ከዚያ ምሽግ ወደ ደቡብ አልፎ፣ ቀድሞ የከበባው ጦር በሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ ነው። ስላቲንም በማህዲ ሰፈር ውስጥ ሆኖ ያንን ምሽግ ከውጭ ይመለከተው ነበር። ለቀድሞ አለቃው ደብዳቤ ላከ፤ እጁን የሰጠበትንም ምክንያት አስረዳ። ጎርዶን ግን ሃይማኖቱን ለውጦ እጁን የሰጠ መኮንን መልስ አይገባውም በማለት ዝም አለው። ማህዲም በበኩሉ ምርኮኛው ከጠላት ጋር ሊያሤር ነው ብሎ ጠረጠረና እግር ብረት አስገባው። ስላቲን በአንድ በኩል ከሐዲ፣ በሌላው በኩል ሰላይ ተባለ።

ካርቱም ከአሥር ወር ያህል ከበባ በኋላ ጥር 26 ቀን 1885 ዓ.ም. ወደቀች፤ ጎርዶንም ተገደለ። የርዳታ መርከቦቹ ከከተማዋ አጠገብ የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። በወደቀችበት ዕለት ጠዋት ጥቂት ወታደሮች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው በሰንሰለት ወደታሰረው ስላቲን ድንኳን መጡ። ሲገልጡት የጎርዶን ራስ ነበር። ለደብዳቤው መልስ የነፈገውን አለቃውን እንደገና ያየው በዚህ ሁኔታ ነው።

ማህዲ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሞተና ኸሊፋ አብዱላሂ በስፍራው ተተካ። ኸሊፋው ስላቲንን ከብረት ፈታው እንጂ ነጻ አላወጣውም። የቅርብ አሽከሩ አድርጎ በኦምዱርማን በሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀመጠው። ትናንት ዳርፉርን የሚገዛው ሰው ከጧት እስከ ማታ በር ይጠብቃል፤ በጸሎት ሰዓት ከኸሊፋው ኋላ ይሰለፋል፤ ጌታው በፈረስ ሲወጣ በባዶ እግሩ ከፈረሱ ጎን ይሮጣል። ኸሊፋው አንዳንድ ቀን ሲያጫውተውና ሲሸልመው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በሞት ያስፈራራው ነበር። እንዲህ እያለ አሥር ዓመት ያህል አለፈ።

በዚህ መካከል የሱዳንና የኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ። ድርቡሾች በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በሳር ውኃ አሸንፈው ጎንደርን አቃጠሉ። አፄ ዮሐንስም በመተማ ገጥመዋቸው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ተሰዉ። ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ያን ጊዜ ስላቲን በዚያችው ከተማ በኸሊፋው ደጃፍ ላይ ነበር። ያ ድል ግን ለኸሊፋውም አልበጀውም። ብዙ ጦር አልቆበት፣ ወዲያውም ጽኑ ረኃብ መጥቶ አገሩን አራቆተው።

በግብጽ ጦር የስለላ ክፍል ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ዊንጌትና በካይሮ የነበረው የኦስትሪያ መንግሥት ወኪል ስላቲንን ለማስመለጥ በነጋዴዎችና በግመለኞች እጅ ገንዘብ እየላኩ ብዙ ጊዜ ሞከሩ። አንዱ ሙከራ ሲከሽፍ ሌላው እየቀጠለ በመጨረሻው የካቲት 20 ቀን 1895 ዓ.ም. ሌሊት ተሳካ። ስላቲን መታመሙንና መድኃኒት መውሰዱን ለአለቃው አሳውቆ ስለነበር በማግስቱ ፈጥኖ የሚፈልገው አልተገኘም። ቀን በተራራ ውስጥ እየተሸሸገ፣ ሌሊት በግመል እየተጓዘ፣ ግመሎቹ ሲደክሙም ሌሎች እስኪመጡለት እየጠበቀ በ24ኛው ቀን አስዋን ገባ። ያን ጊዜ ዕድሜው 37 ዓመት ነበር።

ከዚህ በኋላ የዕድሉ መሰላል እንደገና ወደ ላይ ተቀለበሰ። የግብጹ ኸዲቭ ፓሻ አለው። የምርኮውን ታሪክ የሚተርከው መጽሐፍ በ1896 ዓ.ም. ታትሞ በአውሮፓ በሰፊው ተነበበ። እርሱ ግን በዝናው ተኝቶ አልቀረም። በኪችነር ከሚመራው ጦር ጋር ወደ ሱዳን ዘመተ። መስከረም 2 ቀን 1898 ዓ.ም. የኸሊፋው ጦር በመትረየስና በመድፍ ከኦምዱርማን ውጭ ሲረግፍ ተመለከተ፤ በባዶ እግሩ ይሮጥባት ወደነበረችው ከተማም ከአሸናፊው ጦር ጋር ገባ። ኸሊፋው ራሱ በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር ወር ኡም ዲወይከራት በተባለ ስፍራ በተደረገው ውጊያ፣ መሸነፉን ባወቀ ጊዜ ሳይሸሽ ከአሚሮቹ ጋር በለምድ ላይ ተቀምጦ ሞትን ተቀበለ።

ከ1900 እስከ 1914 ዓ.ም. ስላቲን የሱዳን ጠቅላይ ኢንስፔክተር ሆኖ ሠራ። በምርኮ ዘመኑ ያወቃቸው ጎሣዎችና ሼኾች፣ የለመደው ቋንቋና ልማድ ለዚህ ሥራ ዋና መሣሪያ ሆኑት። የእንግሊዝ መንግሥት ሰር፣ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ባሮን አሉት። ይሁን እንጂ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ አገሩ ኦስትሪያና የሚያገለግላት እንግሊዝ ጠላቶች ሆኑ። ሁለተኛ ጊዜ በሁለት ወገን መካከል ተያዘ። በሱዳን የነበረውን ሹመት ለቀቀና በኦስትሪያ ቀይ መስቀል ውስጥ ስለ ጦር ምርኮኞች በሚሠራው ክፍል አገለገለ። የምርኮኛን ኑሮ ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ ባለሥልጣን በዚያ ቢሮ መኖሩ ያጠራጥራል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የኦስትሪያ ሪፐብሊክ በ1919 ዓ.ም. የመኳንንትን ማዕረግ በሕግ ሲሽር ባሮንነቱም ቀረ። በጦርነቱ ዋዜማ ያገባት ሚስቱ በ1921 ዓ.ም. ሞተችበት፤ አንዲት ልጁን እያሳደገ ኖረ። ጥቅምት 4 ቀን 1932 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ በቪየና ዐረፈ፤ የተቀበረውም በተወለደበት ሠፈር ነው።

ስለዚህ ሰው የሚሰጠው ፍርድ እስከ ዛሬ አንድ አልሆነም። ሃይማኖቱን ለውጦ እጁን በመስጠቱ የነቀፉት አሉ፤ ሱዳንን ለባዕድ ጦር መንገድ መርቷል የሚሉም አሉ። የቆሙለት ደግሞ የሚያስታውሱት ጥይትና ተስፋ ያለቀበትን፣ የወታደሮቹንም ሕይወት በእጁ የያዘውን የ26 ዓመት ወጣት ነው። ጎርዶን በጽናት ሞተ፤ ስላቲን ጎንበስ ብሎ ዐለፈ። በዳራ ምሽግ በዚያች ሌሊት ማን ምን ያደርግ እንደነበረ አንባቢ ለራሱ ይመዝን።